የዱሩን ላብላብ ከተሻሻለው ጋር ጎን ለጎን ዘርቶ ማወዳደር፦ ከዘር መልቀም እስከ ሚዛን

"አጥራችን ላይ ራሱ በቅሎ የሚጠመጠም ላብላብ አለ፤ ታዲያ ለምን ዘር እገዛለሁ?"

ላብላብ ለከብት መኖ የሚዘራ፣ እንደ ባቄላና አተር ዛላ የሚያፈራ ሐረግ ነው፤ ይህ ጥያቄም መምጣቱን አላቆመም። ላም አርቢው ይጠይቃል፣ የግብርና ልማት ሠራተኛው (ዲኤው) ይጠይቃል፣ የመመረቂያ ጽሑፍ የያዘ ተማሪ ደግሞ እኩለ ሌሊት ላይም ይጠይቃል። መልሴ ሁሌም "ጎን ለጎን ዘርታችሁ እዩት" ነው። ችግሩ፣ ዘርተው "የዱሩ አይረባም" ብለው የሚመለሱልኝ አብዛኞቹ ተክሉን ጭራሽ አላዩትም። ዘሩ ሳይበቅል ነው የፈረዱበት። ስለዚህ እኔ ራሴ የምሠራበትን መንገድ ከነምክንያቱ እዚህ ላስቀምጠው።

ሙከራው ሙቀት ላለው ወይና ደጋና ቆላ ነው። ላብላብ ውርጭ አይችልም፤ ከ2,000 ሜትር ከፍታ በላይ ከሆናችሁ በሌላ መኖ ሞክሩት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የዱሩ ዘር 400 ፍሬ ያህል፣ የተሻሻለውም እንዲሁ
- ጥፍር መቁረጫ ወይም ሻካራ ብርጭቆ ወረቀት
- ሶፍት፣ ሁለት ሦስት ዝርግ ሳህን፣ ፌስታል
- ከ70 ሜትር ካሬ ትንሽ የሚበልጥ፣ ጥላ የማይነካው መሬት
- ሜትር፣ ሲባጎ፣ 24 ችካል
- ስለታም ማጭድ
- ሁለት ሚዛን፦ አንዱ ኪሎ የሚመዝን፣ ሌላው ግራም የሚያሳይ የኩሽና ሚዛን
- ካኪ ፖስታ፣ ውኃ የማያጠፋው ማርከር
- ደብተር (ስልክ ላይ ብቻ የጻፈ ሰው ስልኩ ሲጠፋ ሙከራውም አብሮ ይጠፋል)

1. "የዱር" ያላችሁት በእርግጥ የዱር መሆኑን አረጋግጡ

አጥር ላይ ያለ ሁሉ የዱር አይደለም። አንዳንዱ ከማሳ ያመለጠ ነው፤ ከዓመታት በፊት ሰው ዘርቶት፣ ተረስቶ፣ ራሱን እየዘራ የቀረ። ያንን ከተሻሻለው ጋር ብታወዳድሩ የተሻሻለውን ከተሻሻለው ጋር ማወዳደራችሁ ነው።

መጀመሪያ ላብላብ መሆኑን እዩ። ቅጠሉ ሦስት ሦስት ሆኖ ይወጣል። ዛላው ጠፍጣፋና እንደ ማጭድ ጎበጥ ያለ ነው። ዋናው ምልክት ዘሩ ላይ ነው፤ እምብርቱ (ከዛላው ጋር የተያያዘበት ቦታ) ላይ ጎላ ያለ ነጭ ክር የመሰለ መስመር አለ፣ ዘሩን በከፊል ይዞረዋል። ይህ መስመር ከሌለ የያዛችሁት ሌላ ሐረግ ነው።

ከዚያ የዱር መሆኑን ለዩ። የዱሩ ዛላ ትንሽ ነው፣ ርዝመቱ ወደ 4 ሴንቲሜትር። የተለመደው የለማው ግን እስከ 10 ሴንቲሜትር ይደርሳል። የዱሩ ዘር ደቃቅና ዥንጉርጉር ነው፤ ዛላው ሲደርቅ ራሱ ተጠማዞ ይፈነዳና ዘሩን ይበትነዋል። ዛላው ትልቅ ሆኖ ሳይፈነዳ ደርቆ የሚንጠለጠል ከሆነ ያመለጠ የማሳ ላብላብ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ።

ለመመረቂያ ጽሑፍ የምትሠሩ ከሆነ በዓይን ብቻ አትወስኑ። ቅጠል፣ አበባና ዛላ ያለበትን ቅርንጫፍ ጋዜጣ መሐል አድርቃችሁ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወዳለው ብሔራዊ ሄርባሪየም ውሰዱ።

2. ዘሩን ሰብስቡ

የዱሩን ዛላው ቡናማ መሆን ሲጀምር፣ ከመፈንዳቱ በፊት ልቀሙት። አንድ ሳምንት ብትዘገዩ ባዶ ዛላ ነው የምታገኙት። ለቅማችሁ ካኪ ፖስታ ውስጥ ከታችሁ አፉን እጠፉት፤ ሲደርቅ ውስጡ ይፈነዳል፣ ድምፁም ይሰማል። ፌስታል ውስጥ አትክተቱ፣ ይሻግታል።

ቢያንስ ከ20 ተክል ልቀሙ፣ ከእያንዳንዱም ጥቂት ጥቂት። ከአንድ ሐረግ ብቻ ከወሰዳችሁ የአንድ ቤተሰብን ጠባይ የአገሩ ሁሉ ጠባይ አድርጋችሁ ትጽፋላችሁ። የቀረውን ለቦታው ተዉለት።

የተሻሻለውን ስትወስዱ ስሙን ጠይቁ። "ላብላብ" ብቻ በቂ አይደለም። ሮንጋይ የሚባለው ነጭ አበባና ቀላ ያለ ቡናማ ዘር አለው፣ የሚያብበው ዘግይቶ ነው። ሃይወርዝ ደግሞ ሐምራዊ አበባና ጥቁር ዘር አለው፣ ቀድሞ ያብባል። የዱሩን ከዘግዪው ጋር ብታወዳድሩና ከፈጣኑ ጋር ብታወዳድሩ የምታገኙት መልስ ለየቅል ነው። ለምርምር ከሆነ አዲስ አበባ ያለው የዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም (ኢልሪ) የመኖ ዘር ባንክ ስላለው እዚያ ማመልከት ይቻላል።

ከዚያ ከሁለቱም 100 ፍሬ ቆጥራችሁ መዝኑና ጻፉ። የሮንጋይ 100 ፍሬ ብዙ ጊዜ ከ20 ግራም ያልፋል፣ የዱሩ በጣም ያንሳል። ይህችን ቁጥር አትዝለሏት፤ በኋላ የዱሩ ችግኝ ለምን ቀጭን ሆኖ እንደጀመረ የምታስረዳችሁ እሷ ናት።

3. የብቅለት ሙከራ (ሰው ሁሉ የሚዘለው ይህን ነው)

የዱር ዘር ልጣጩ ውኃ አያስገባም። ይህ የተክሉ ብልሃት ነው፤ ዘሩ ሁሉ በአንድ ዝናብ በቅሎ በአንድ ድርቅ እንዳያልቅ ከፊሉ ለከርሞ አፈር ውስጥ ይቆያል። የለማው ዘር ግን ሰው እየመረጠ ስላራባው ዝናብ እንዳገኘ አብዛኛው ይበቅላል።

እኔ መጀመሪያ ስሞክር ይህን አላወቅኩም ነበር። 40 ጉድጓድ የዱር ዘር ዘርቼ 5 ተክል በቀለልኝ። "ዋጋ የለውም" ብዬ ደብተሬ ላይ ጽፌ ዘጋሁት። በቀጣዩ ክረምት እዚያው መደብ ላይ ጎመን ተክዬ ሳለ ላብላቡ ከየጥጉ ብቅ ብቅ አለ። ዘሩ ጤነኛ ነበር፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።

እንዲህ አድርጉ፦

ሀ. ከዱሩ 50 ፍሬ እንዳለ፣ ሌላ 50 ፍሬ ደግሞ ጭራችሁ አዘጋጁ። ከተሻሻለውም እንዲሁ።

ለ. ስትጭሩ ከእምብርቱ በተቃራኒ ባለው ጎን ይሁን። በጥፍር መቁረጫ ልጣጩን ብቻ ቆንጠጥ፣ ወይም በብርጭቆ ወረቀት ፈግፈግ ማድረግ፤ የውስጡ ነጣ ያለ መልክ ሲታይ አቁሙ። እምብርቱ ጋ አትንኩ፣ ጽንሱ ያለው እዚያ ነው።

ሐ. እርጥብ ሶፍት ላይ ደርድራችሁ፣ ሳህኑን በፌስታል ሸፍናችሁ ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጡ። ሶፍቱ ይራስ እንጂ ውኃ አይቋጥር።

መ. በ10ኛው ቀን በሦስት ከፍላችሁ ቁጠሩ፦ የበቀለ፣ የበሰበሰ፣ እና እንደ ጠጠር ደርቆ የቀረ። ሦስተኛው ሞቷል ማለት አይደለም፤ ውኃ አልገባበትም ማለት ነው። ጭራችሁ መልሱት፣ ብዙው ሲበቅል ታያላችሁ።

ፈላ ውኃ የሚያፈሱበት ሰዎች አሉ። ሙቀቱንና ደቂቃውን ካልለካችሁ ዘሩን ትቀቅሉታላችሁ። አሲድ የሚባለውን ደግሞ ቤት ውስጥ አትሞክሩ።

ያልተጫረው ላይ ያገኛችሁት ቁጥር ራሱ አንድ የንጽጽር ውጤት ነው፤ መዝግቡት። ለመሬቱ ግን ሁለቱንም ጭራችሁ ዝሩ። አንዱን ጭሮ ሌላውን መተው ውድድሩን ያበላሸዋል።

4. መደቡን አዘጋጁ

ስድስት መደብ ያስፈልጋችኋል፣ ለእያንዳንዱ ዓይነት ሦስት ሦስት። የአንዱ ስፋት 2.4 ሜትር በ3 ሜትር። ሁለት ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ሦስት ጥንድ ሥሩ፤ በመደብና በመደብ መሐል 1 ሜትር መንገድ ተዉ። መንገዱን አታሳንሱ፣ ላብላብ ሐረጉን ሰዶ ጎረቤቱ ላይ ሲወጣ የማን ቅጠል የማን እንደሆነ መለየት ያቅታችኋል።

ሦስት ጊዜ መድገሙ ለምን? መሬት አንድ ዓይነት ስላልሆነ። አንዱ ጥግ ድሮ በረት የነበረበት ሊሆን ይችላል፣ ሌላው ውኃ የሚቋጥር። መሬቱ ተዳፋት ከሆነ አንዱ ጥንድ ላይ፣ አንዱ መሐል፣ አንዱ ታች ይሁን፤ የአንድ ጥንድ ሁለቱ መደቦች ግን እኩል ከፍታ ላይ ይቀመጡ። በየጥንዱ ውስጥ የዱሩ በግራ ይሁን በቀኝ ሳንቲም ወርውራችሁ ወስኑ። እጃችሁ ካልተያዘ ለምትወዱት ጥሩውን ቦታ መስጠታችሁ አይቀርም።

ማዳበሪያ ካደረጋችሁ ለስድስቱም እኩል መዝናችሁ አድርጉ። ዩሪያ ይቅርባችሁ፤ ናይትሮጅን ሲትረፈረፍለት ላብላብ ከአየር ለመሳብ አይደክምም።

5. ዝሩ

ዝናቡ ከተደላደለ በኋላ፣ ሁሉንም በአንድ ቀን። በመስመርና በመስመር መሐል 60 ሴንቲሜትር፣ በተክልና በተክል መሐል 30። በአንድ መደብ 4 መስመር፣ በመስመር 10 ጉድጓድ ይወጣል። በየጉድጓዱ 2 ፍሬ፣ ጥልቀቱ 3 ሴንቲሜትር። ትልቁ ዘር ከዚያም ጠልቆ ይወጣል፤ ደቃቁ ግን ስንቁ ትንሽ ስለሆነ መንገድ ላይ ያልቅበታል።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ አንድ ተክል አስቀርታችሁ አሳሱ። ባዶ የቀረ ጉድጓድ ካለ ወዲያው ተኩ። አንዱ መደብ 40 ተክል፣ ሌላው 22 ከያዘ የምትመዝኑት የተክል ቁጥርን ነው።

6. እስኪያብብ ተከታተሉ

በመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት ቢያንስ ሁለት ጊዜ አርሙ። የዱሩ ቀስ ብሎ ነው የሚነሳው፤ አረም ከዋጠው በኋላ "ደካማ ነው" ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። በ30ኛው ቀን ፎቶ አንስታችሁ አሸናፊ አትንገሩኝ።

የምትመዘግቡት ይህን ነው፦ የበቀለበት ቀን፣ ከተክሎቹ ግማሹ ያበበበት ቀን፣ በየመደቡ የ5 ተክል የሐረግ ርዝመት፣ የተባይና የበሽታ ምልክት።

አበባው ሊጀምር ሲል ከዳር መስመር ሁለት ተክል በአካፋ ከነአፈሩ አውጡ፤ መንቀል ሥሩን ይበጥሰዋል። ሥሩ ላይ ያሉትን ትናንሽ እባጮች ቁጠሩና ጥቂቶቹን በጥፍራችሁ ሰንጥቁ። ውስጡ ቀይ ወይም ሮዝ ከሆነ ናይትሮጅን ከአየር እየሳበ ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ አይሠራም። ይህን ካላያችሁ የአንዱ ቅጠል ሲገረጣ ዘሩን ትወቅሳላችሁ፣ ጥፋቱ ግን ሥሩ ጋ ሊሆን ይችላል።

አጥር አጥብቁ። ከሁለተኛው ሙከራዬ የጎረቤት ፍየል በአንድ ከሰዓት ሁለት መደብ ጨርሳብኛለች። የበላችው የዱሩንም የተሻሻለውንም ነው፣ እሷ አላበላለጠችም።

7. እጨዱና መዝኑ

እያንዳንዱን መደብ ግማሹ ተክል ሲያብብ እጨዱ። ሁለቱ በአንድ ቀን ላያብቡ ይችላሉ፣ ምንም አይደለም። ለጋውን ካረጀው ጋር ማወዳደር የባሰ ነው። ግን ከተዘራ ስንተኛ ቀኑ እንደሆነ ጻፉ፤ መጨረሻ ላይ ምርቱን ለቀኑ ታካፍላላችሁ።

የዳርና የዳር መስመሮችን ተዉ፣ ብርሃንና ቦታ ስለሚያገኙ ያታልላሉ። ከሁለቱ መሐል መስመሮችም በየጫፉ ግማሽ ሜትር ተዉ። የሚቀራችሁ 1.2 በ2 ሜትር፣ ማለትም 2.4 ሜትር ካሬ ነው።

ከመሬት 25 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ ቁረጡ። ላብላብ የሚያቆጠቁጠው ከተረፉት አንጓዎች ነው፤ እንደ ሣር ከሥሩ ካጨዳችሁት ይሞታል። ጤዛው ከረገፈ በኋላ አጭዳችሁ እዚያው ማሳው ላይ መዝኑ። ቤት ወስዳችሁ ከሰዓት የምትመዝኑ ከሆነ የጠፋው ውኃ ሒሳቡን ያዛባል።

8. አድርቁ፣ ቅጠሉን ከሐረጉ ለዩ

እርጥብ ክብደት ብቻውን ምንም አይነግራችሁም፣ አብዛኛው ውኃ ነው። ከእያንዳንዱ መደብ 500 ግራም ናሙና ውሰዱ። ቅጠሉን ከነአበባው በአንድ ካኪ ፖስታ፣ ሐረጉን በሌላ። ስሙን፣ የመደቡን ቁጥርና ቀኑን ፖስታው ላይ ጻፉ።

ማድረቂያ ምድጃ ካገኛችሁ በ65 ዲግሪ ለ72 ሰዓት። ካላገኛችሁ ነፋሻ ጥላ ውስጥ አድርቁ፤ በየቀኑ እየመዘናችሁ፣ ሁለት ቀን ተከታትሎ ክብደቱ ካልተለወጠ ጨርሷል። ይህኛው ትንሽ እርጥበት ያስቀራል፤ ሁሉንም በአንድ መንገድ እስካደረቃችሁ ድረስ ግን ንጽጽሩ አይበላሽም።

ሒሳቡ በምሳሌ፦ ከ2.4 ሜትር ካሬ 6 ኪሎ እርጥብ አጨዳችሁ እንበል። ለ1 ሜትር ካሬ 2.5 ኪሎ ነው። 500 ግራሙ ናሙና ደርቆ 100 ግራም ሆነ፣ ማለትም 20 በመቶ። 2.5 ኪሎ ሲባዛ በ0.2 ግማሽ ኪሎ ደረቅ መኖ ይሆናል። በሄክታር 5 ቶን፣ 50 ኩንታል ማለት ነው። በ100ኛው ቀን ከታጨደ በቀን ግማሽ ኩንታል።

ቅጠሉን ለምን ለየን? የላብላብ ቅጠል ድፍድፍ (ጠቅላላ) ፕሮቲኑ ብዙ ጊዜ 26 በመቶ አካባቢ ነው፣ ሐረጉ ግን ከ7 እስከ 20 በመቶ ብቻ። ስለዚህ በጠቅላላ ክብደት የተሸነፈው በቅጠል ሊያሸንፍ ይችላል። የደረቀውን ቅጠል ለጠቅላላው ደረቅ ክብደት አካፍላችሁ በመቶኛ ጻፉ።

የታጨደውን መደብ አትገልብጡት። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ጠብቃችሁ ያቆጠቆጠውን እንደገና መዝኑ፤ ከቻላችሁም ለቀጣዩ ዓመት ተዉት። የዱሩ ትልቁ ሀብት እዚህ ጋ ሊሆን ይችላል። አውስትራሊያ ውስጥ ኢንዱራንስ የተባለው ዝርያ የተገኘው ሮንጋይን ከዱር ላብላብ ጋር በማዳቀል ነው፤ የተፈለገውም ከዓመት ዓመት መቆየቱ ነበር። በአንድ አጨዳ የሚዘጋ ሙከራ ይህን አያሳይም።

9. የመፈንዳት ፈተና

ሳይታጨዱ ከቀሩት የዳር መስመሮች ከየዓይነቱ 20 የደረሱ፣ ግን ያልፈነዱ ዛላዎች ልቀሙ። በወንፊት ጨርቅ ከረጢት ውስጥ አድርጋችሁ ፀሐይ ላይ ለአንድ ሳምንት አስቀምጡ። የፈነዱትን ቁጠሩ። ዘር አምርታችሁ ልትሸጡ ከሆነ መፈንዳቱ ኪሳራ ነው። ከብት የሚሰማራበት ግጦሽ ላይ ግን ራሱን ዘርቶ ስለሚተካ ይጠቅማችኋል።

10. ላሟን ጠይቁ

ለላብላብ እንግዳ የሆነች ላም መጀመሪያ ላይ አሽትታ ልትተወው ትችላለች። ስለዚህ ሁለት ሦስት ቀን ከሁለቱም በትንሽ በትንሹ ከገለባ ጋር አለማምዷት፣ ይህን አትቁጠሩ። ከዚያ ለ4 ቀን በሁለት ገንዳ 3 ኪሎ 3 ኪሎ የጠወለገ መኖ ለ30 ደቂቃ አቅርቡ፣ የተረፈውን መዝኑ። ገንዳውን በየቀኑ ቦታ አቀያይሩ፤ ከብት የለመደችው ጎን አላት።

ተጠንቀቁ

- የራባትን ላም ጠዋት በጤዛ የራሰ ላብላብ ላይ አትልቀቁ። መጀመሪያ ገለባ ትቅመስ። ላብላብ የከብት ሆድ የመንፋት ችግሩ ማገጥ እንደሚባለው የግጦሽ ተክል የከፋ ባይሆንም፣ በመስከረም ማገጥ የነፋት ላም ያየ ሰው አይሞክረውም።
- የደረሰውን ዘር፣ በተለይ ጠቆር ያለውን፣ ልጆች ጥሬውን እንዳይቆረጥሙ። መርዛማ ነገር አለው።
- ሙከራውን ዋናው የሰብል ማሳችሁ መሐል አትሥሩ። የዱሩ ዘር አፈር ውስጥ ዓመታት ሊቆይና አረም ሊሆንባችሁ ይችላል።
- የዱር ዘር ውጭ አገር ላለ ወዳጅ በፖስታ አትላኩ። በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት ከኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ያስፈልጋል።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

የዱሩን አጥሩ ላይ እንዳለ መለካት፣ የተሻሻለውን ግን ከታረሰ ማሳ ላይ መለካት። አንዱ ተንከባካቢ አለው፣ ሌላው የለውም፤ ምን አወዳደራችሁ?

ከሙከራው መደብ የተለቀመን ዘር "ንጹሕ" ብሎ ለቀጣይ ዓመት ማስቀመጥ። ላብላብ በአብዛኛው ራሱን ቢያዳቅልም ንቦች ከአንዱ ወደ አንዱ ስለሚሄዱ ጎን ለጎን የነበሩት ሊደባለቁ ይችላሉ። ዘር ከፈለጋችሁ አበባው ሳይከፈት በስስ ጨርቅ ከረጢት ሸፍኑት።

ዘሩን ጆንያ ውስጥ ጥሎ መርሳት። ነቀዝ ይጨርሰዋል። በደንብ አድርቃችሁ አየር በማያስገባ ዕቃ ዝጉት፤ ፍሪዘር ካላችሁ ለጥቂት ቀናት አስገቡት። እርጥበት ያለውን ዘር ግን እንዳታስገቡ፣ ይሞታል።

አማካዩን ብቻ መጻፍ። ሦስቱ የዱር መደቦች 30፣ 48 እና 51 ኩንታል ቢሰጡ አማካዩ 43 ነው። የተሻሻለው አማካይ 46 ቢሆን አሸነፈ አይባልም፤ በራሱ በዱሩ መካከል ያለው ልዩነት ከዚያ ይበልጣላ። ሦስቱንም ቁጥር ጻፉና 30 የሰጠው መደብ ምን እንደነካው ሄዳችሁ እዩ።

በቀጣዩ ክረምት መደቡ ላይ የሚበቅሉትን የዱር ችግኞችም ቆጥራችሁ ደብተሩ ላይ ጨምሩ፣ ከዚያ ካልፈለጋችኋቸው ሳያብቡ ንቀሏቸው።